ነገ ሐሙስ ነው፤ ክላክሱን እርሳው

ባጃጇን ማጠቡን ተወውና ስማኝ። በሌላው ቀን ስትነዳ አይቼሃለሁ፣ አልከፋኝም። የገበያውን ቀን ግን ገና አታውቀውም።

ይህ አስፋልት ባሕር ዳርንና ጎንደርን ስላገናኘ የመኪና ብቻ እንዳይመስልህ። ነገ የደራ ገጠር የሚገባው በእሱ ነው፤ ሌላ መንገድ የት አለውና? ከተጫነ አህያ ኋላ ክላክስ እንዳታደርግ። ከደነገጠ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም፤ ጭነቱ ከወደቀ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው የምትውለው። እንጨት የተሸከመች ሴት ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ የምታየው እግሯን ነው፤ ዞር ብላ አታይህም። እስክታልፍ ቁም። በግ አንዱ ከተሻገረ ሁሉም ይከተላል፤ ክፍተት አገኘሁ ብለህ መሐል አትግባ፣ የሚነዳቸው ልጅም ከኋላ እየሮጠ ነው።

መኪና በቀኝ መሄድ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ ይሂድ የሚባለውም የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እንዲያይ ነው። ይህን አንተ ለመንጃ ፈቃድ ብለህ ተማርከው፤ ከገጠር የመጡትን እማማ ማን አስተማራቸው? እንዳትጮህባቸው።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳናዎችን ለመኪና እየዘጋች ሕዝቡ እንዲጫወትባቸው ማድረግ ጀመረች። ደግ አደረገች። እኛ ዘንድ ሐሙስ ሐሙስ ማንም ሳያውጅ ሰዉ ራሱ ይሞላዋል፤ ችግሩ ሲኖትራኩም አብሮ ማለፉ ነው። ስለዚህ ሰው ስታወርድ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አትቁም። እግረኛው አንተን ለመዞር ሲል ሲኖው ፊት ይወጣል። ወርደህ አፈሩ ላይ ቁም፤ ጓደኞችህ ቢስቁ ይሳቁ።

ባሕር ዳር ስማር በብስክሌት ነበር የምመላለሰው። ከትልቅ መኪና ይልቅ የሚያስፈራኝ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ባጃጅ ነበር። ከመታጠፍህ በፊት ፍሬቻ አሳይ፣ መስታወትህንም እይ።

ለቀስተኛ ሲያልፍ ደግሞ ሞተሩን አጥፋ። ቸኩያለሁ የሚል ተሳፋሪ ካለ ሂሳቡን መልስለትና በእግሩ ይሂድ።