ደም የተቀላቀለበት አክታ

ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ለዓርብ ስቅለት አጥቢያ ሌሊት ደም ወደ አፏ ሲመጣ ተሰማት። መብራቷን አጥፍታ ስለ ነበር እስከ ንጋት ታግሣ ቆየች፤ በማግሥቱ ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች። ትዕግሥቷን እናከብራለን። ዳሩ ግን በዘመኗ ነቀርሳን የሚፈውስ መድኃኒት አልነበረም፤ የመጀመሪያው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ነውና። ዛሬ ሕመምን መታገሥና ሕመምን መደበቅ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን እንደብቃለን። ሳሉ «ብርድ ነው» እየተባለ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ወር ይሞላዋል፤ በመሐረብ ላይ የታየው ደም ግን «ጎረቤት ይሸሸናል» በሚል ፍርሃት ለቤተ ሰብ እንኳ አይነገርም።

ከሳንባ የሚወጣ ደም አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ ከአክታና ከአረፋ ጋር ተቀላቅሎ በሳል ይወጣል። ከጨጓራ የሚመጣው በትውከት የሚወጣ ሲሆን ጠቆር ብሎ የቡና አተላ ይመስላል። ከድድ ወይም ከአፍንጫ የወረደ ደምም ሊያሳስት ይችላል። መለየት ያቃተው ሰው ግን በዚህ ሲጨነቅ አይዋል፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

በሀገራችን አስቀድሞ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው፤ ይልቁንም ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈውና የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክሳት ከታከሉበት። ሆኖም ደም ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። የሳንባ ምች፣ የሳንባ ካንሰር፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የተጎዳ የልብ ቫልቭ፣ ቀድሞ የዳነ ነቀርሳ የተወው ጠባሳም ደም ያስተፋሉ። ስለዚህ የአክታ ምርመራና ራጅ ሳይታይ በግምት መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

ደሙ ነጠብጣብ ብቻ ቢሆንም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከጥቂት የሻይ ማንኪያ ከበለጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ አንድ እግር ካበጠ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በመንገድ ላይ ቀና ተደርጎ ይደገፍ፤ መቀመጥ ካልቻለ በጎኑ ይተኛ። ምግብም ሆነ መጠጥ አይሰጠው።

የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርታት ሲሰማው የሚያቋርጠው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ምሥጢሩን ያካፈላችሁን ሰው እስከ ጤና ጣቢያው ደጅ ሸኙት፤ አብረውት የሚኖሩት፣ በተለይም ሕፃናቱ፣ እንዲመረመሩ ንገሩት።