የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ደመወዝና የመንግሥት ሥራ ዋስትና

ነጋዴ የዓመት ሒሳቡን በሚዘጋበት ጊዜ በመጋዘን የገባውን ዕቃና ገና በመርከብ ላይ ያለውን ዕቃ በአንድ ዐምድ አይጽፍም። ሁለቱም የእርሱ ቢሆኑ እንኳ፣ አንደኛው በእጁ ያለ፣ ሁለተኛው ገና የሚጠበቅ ነው። ይኸው ነጋዴ ስለ ልጁ ደመወዝ ሲነጋገር ግን ይህን ልማዱን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

ነገሩ በግልጽ የሚታየው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ከተማና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ነው። የፌዴራል መንግሥት ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶች በዚያ ይገኛሉ፤ አማዞንም ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2023 ዓ.ም. በአርሊንግተን ከፍቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ስለዚህ የኮምፒዩተር ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ሁለቱን በሮች ጎን ለጎን ያያቸዋል። ወላጆች «መንግሥት አይጥልህም» ሲሉ፣ ልጅ ደግሞ የኩባንያውን ገንዘብ ይቈጥራል። ማንኛቸው እንደ ተሳሳቱ ለማወቅ የሁለቱን ክፍያ ፈታትቶ መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ኩባንያውን እንመልከት። ታላላቆቹ ኩባንያዎች «ደመወዝ» ብለው የሚያቀርቡት ቍጥር በውስጡ ሁለት ነገር አለበት፤ በየወሩ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብና የኩባንያው አክሲዮን ነው። አክሲዮኑ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ጥቂት በጥቂት ለሠራተኛው ይተላለፋል። ለምሳሌ ያህል 180,000 ዶላር የዓመት ደመወዝና በ4 ዓመት የሚደርስ 400,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ቢሰጠው፣ ወጣቱ «280,000 አገኘሁ» ይላል። የአክሲዮኑ ዋጋ በግማሽ ቢወርድ ግን የዓመቱ ድርሻ ከ100,000 ወደ 50,000 ይወርዳል። ይህም ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ የሜታ አክሲዮን በ2022 ዓ.ም. ውስጥ ዋጋው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ነገር ግን በመካከል የተሰናበተ ሠራተኛ ገና ያልተላለፈለትን ድርሻ ይዞ አልጠበቀም። በ2022 መጨረሻ ሜታ 11,000 ያህል፣ በ2023 መጀመሪያም ጉግል 12,000 ያህል፣ ማይክሮሶፍት 10,000 ሰዎች እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ። ጉግልና ሜታ በአገሩ ላሉት ተሰናባቾች የ16 ሳምንት ደመወዝ፣ ከዚያም በላይ ለያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የ2 ሳምንት ጭማሪ ሰጡ። ይህ ከብዙ ኩባንያዎች ልማድ የተሻለ ነው፤ ሆኖም የቤት ዕዳ ለ30 ዓመት ለተዋዋለ ሰው 16 ሳምንት አጭር ነው።

የመንግሥቱ ክፍያ ከዚህ ይልቅ ደረቅ ነው። አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ የሚገባበት የደመወዝ ሠንጠረዥ 15 ደረጃዎች፣ በያንዳንዱም ደረጃ 10 እርከኖች አሉት፤ በአንድ ደረጃ ላይ ከመጀመሪያው እርከን እስከ ዐሥረኛው ለመድረስ 18 ዓመት ይፈጃል። እንደየቦታው የሚጨመረው ሁሉ ተደምሮ የሠንጠረዡ ጣሪያ በ2025 ዓ.ም. 195,200 ዶላር ነበር። ከፍ ያለ ልምድ ያለው መሐንዲስ በኩባንያ ይህን ጣሪያ ያለ ችግር ያልፈዋል።

የመንግሥት ሥራ ዋና ሀብት ጡረታው ነው፤ ይህንንም ወላጆች በስሜት ያውቁታል እንጂ አስልተውት አያውቁም። ቢያንስ 20 ዓመት አገልግሎ በ62 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ ሠራተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው የ3 ተከታታይ ዓመት ደመወዙ አማካይ ተወስዶ፣ በያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ከመቶ 1.1 ይታሰብለታል። አማካዩ 150,000 ዶላር፣ አገልግሎቱ 30 ዓመት ቢሆን፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በዓመት 49,500 ዶላር ይቀበላል። ከራሱ ቍጠባ በዓመት ከመቶ 4 እያወጣ ይህን ያህል ለማግኘት የሚፈልግ የኩባንያ ሠራተኛ 1,237,500 ዶላር ማከማቸት ይኖርበታል። እንግዲህ ከፍተኛውን ደመወዝ ተቀብሎ ይህን የማያከማች ሰው፣ ትርፍ አገኘ ተብሎ ሊጻፍለት አይገባም። የሚያከማች ግን በእርግጥ ቀድሟል፤ በዚህ ላይ ልጁ ከወላጆቹ ይልቅ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ወላጆች የተሳሳቱበትስ ወዴት ነው? «አይጥልህም» በማለታቸው ነው። ሹመት በወዳጅነት መሆኑ ቀርቶ በችሎታ እንዲሆን የፔንድልተን ሕግ ከወጣበት ከ1883 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ መከላከያ እየተጠናከረ መጥቷል። ነገር ግን በ2025 መጀመሪያ በሙከራ ጊዜ ላይ የነበሩ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ቢመለሱም የሌሎቹ ነገር ተቈርጦ ቀረ። ከኩባንያ የመጡ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን ለመንግሥት ሥራ ለማሰባሰብ በ2014 የተቋቋመው ኤይቲን ኤፍ የተባለው ክፍልም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ2025 መጸው በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ለ43 ቀን በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ሰነበቱ። በ2019 የወጣው ሕግ ያለፈው ደመወዝ በኋላ እንዲከፈል ያዝዛል፤ የቤት ኪራይ ግን በኋላ አይጠየቅም።

በነዚህ ወራት የተናጋውና ያልተናጋው ምን እንደ ነበረ መለየት ይገባል። የነገ ሥራ ተናግቷል፤ ቀድሞ የተሠራበት ጡረታ ግን በእጅ ቀርቷል። በኩባንያውም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ የተላለፈ አክሲዮን የሠራተኛው ነው፣ ያልተላለፈው ግን በመርከብ ላይ እንዳለ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ሥራ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ ማታ በሩ ቢዘጋብኝ የእኔ ሆኖ የሚቀረው ምንድር ነው?

አንድ ነገር እንጨምር። የፌዴራሉ መደበኛ ሥራ በአብዛኛው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ዜግነት ያላገኘ ወጣት በዚህ ምርጫ ላይ ቢጨነቅ በከንቱ ነው። ዜግነት ያለውና የገባው ግን የ5 ዓመቱን ድንበር ይጠንቀቅ። የጡረታ መብት የሚጸናው 5 ዓመት ሲሞላ ስለ ሆነ፣ በ4 ዓመት ከ8 ወር የኩባንያ ጥሪ ሰምቶ የሚወጣ ሰው ከደመወዙ የተቈረጠበትን ገንዘብ መልሶ ይወስዳል፤ የዕድሜ ልክ ጡረታው ግን 4 ወር ሲቀረው ይቀርበታል።