ያጌጡ ፊደላት በሒሳብና በንግድ ጽሑፍ

ነጋዴ የድርጅቱን ስም አሳምሮ ለማሳየት መጣሩ የቆየና የተገባ ልማድ ነው። ቁም ጸሐፊ አንድን ስም በቀይ ቀለም ቢጽፈው፥ በሐረግም ቢከበው፥ አንባቢው የሚያነበው ያንኑ ስም ነው። በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ላይ ግን ያጌጠው ፊደል አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ሌላ ፊደል ሆኖ ይገኛል። ይህን ልዩነት አለማወቅ ደንበኛ ያሳጣል።

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በተሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሲሆን፥ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዚሁ መዝገብ ገብቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሒሳብ ሥራ ሲባል ወፍራም፥ ዘንበል ያሉ፥ የእጅ ጽሕፈት መልክ ያላቸውና ባለድርብ መስመር የሆኑ የላቲን ፊደላት ከተራዎቹ የተለየ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬ በዚህ ክፍል የግሪክ ፊደላትና አኃዞች ተጨምረው 996 ምልክቶች ይገኛሉ።

ይህ የተደረገው ለጌጥ አይደለም፤ በሒሳብ የፊደል መልክ ራሱ ትርጉም ስላለው ነው። ለምሳሌ ተራው «ዜድ» ማናቸውንም ያልታወቀ መጠን ሊወክል ይችላል፤ ባለድርብ መስመሩ «ዜድ» ግን የድፍን ቁጥሮች ስብስብ ምልክት ነው፤ ይኸውም «ቁጥሮች» የሚል ትርጉም ካለው «ጻለን» ከተባለው የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው። በፊዚክስም በእጅ ጽሕፈት መልክ የተጻፈው «ኤች» የአንድን ሥርዓት ጉልበት የሚገልጸው ሀሚልቶኒያን ሲሆን፥ ዘንበል ያለው «ኤች» የማግኔት መስክን ያመለክታል። ሁለቱ በአንድ ቀመር ውስጥ ሲገኙ መልካቸው ቢጠፋ ቀመሩ ሌላ ነገር ይሆናል።

ነጋዴው ግን እነዚህን የሒሳብ ምልክቶች ገልብጦ የድርጅቱን ስም ቢጽፍባቸው ሦስት ጉዳት ይደርስበታል። አንደኛ፥ ደንበኛው ስሙን በተራ ፊደል ሲፈልግ ብዙ የመፈለጊያ መሣሪያዎች ላያገኙለት ይችላሉ። ሁለተኛ፥ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ስሙን በማንበብ ፈንታ እያንዳንዱን ፊደል «የሒሳብ ወፍራም» እያሉ ይጠሩታል፤ አንዳንዶቹም ዘለውት ያልፋሉ። ሦስተኛ፥ ምልክቶቹ በሌሉባቸው አሮጌ ስልኮች ላይ በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ።

አንዳንድ ሥርዓቶች ያጌጠውን ምልክት ወደ ተራው ፊደል የሚመልስ ደንብ አላቸው። ደንቡ ለፍለጋ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዋናው ጽሑፍ ላይ ያለ ጥንቃቄ ቢሠራበት ጥፋት ያመጣል። 10² ተብሎ የተጻፈው መጠን፥ ማለትም 100፥ በዚህ ደንብ ሲያልፍ 102 ይሆናል። በዋጋና በመጠን ዝርዝር ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢደርስ ኪሣራው የማን እንደሚሆን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ዋናውን ዝርዝር ሳይነኩ በግልባጩ ላይ ብቻ መሥራት ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስምን፥ አድራሻን፥ ዋጋንና የሒሳብ ቁጥርን ሁልጊዜ በተራ ፊደልና አኃዝ መጻፍ ይገባል። ማወፈር ሲያስፈልግ የጽሕፈት ፕሮግራሙን የማወፈሪያ ትእዛዝ መጠቀም ነው፤ ያን ጊዜ የሚለወጠው የፊደሉ መልክ እንጂ መለያ ቁጥሩ አይደለም። ይህ ትእዛዝ በማይገኝበት ቦታ ጌጡ በሥዕል ላይ ይሁን፤ ከሥዕሉም ሥር ስሙ በተራ ፊደል ይጻፍ። የተለጠፈ ማስታወቂያ ያለው ነጋዴም ስሙን በተራ ፊደል ጽፎ በገጹ ላይ ይፈልገው። ስልኩ «አልተገኘም» ካለው፥ ደንበኛውም እንዲሁ ሳያገኘው ሊቀር ይችላልና ማስታወቂያውን ሳይውል ሳያድር ያርመው።