አሮጌው የድምፅ መልእክት ማሽንና አዲሱ ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ የቢሯችን የድምፅ መልእክት ማሽን ከጀርባው ያለው ባለ 9 እግር ሲሪያል ወደብ ብቻ ነው፤ ላፕቶፔ ደግሞ ይህ ወደብ የለውም። የለቀቁ ሠራተኞችን የመልእክት ሣጥን ለመሰረዝ እንዴት ልግባ?

መልስ፦ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ያስፈልግዎታል። ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለበትን እመርጣለሁ፤ አስመስለው የተሠሩትን ርካሾች ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አይቀበላቸውም። ሲሰኩት «ዲቫይስ ማኔጀር» ላይ የኮም ቁጥሩን ይዩና በነፃ የሚገኘውን ፑቲ የተባለ ፕሮግራም በሲሪያል ይክፈቱ። የተለመደው ፍጥነት 9600 ነው፤ የማሽንዎን ግን ከመመሪያ መጽሐፉ ያረጋግጡ። የተዘበራረቀ ፊደል ከመጣ ፍጥነቱ አልገጠመም ማለት ነው።

ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ኢንተር ይጫኑ። አሁንም ዝም ካለ ገመዱን ይጠርጥሩ። ከማሽኑ ነቅለው፣ ፑቲ ላይ ፍሰት መቆጣጠሪያውን አጥፍተው፣ 2ኛና 3ኛ እግሮቹን በትንሽ ሽቦ ያገናኙ። የሚጽፉት ተመልሶ ከታየ የላፕቶፕዎ ወገን ደህና ነው። ያኔ መላኪያና መቀበያውን የሚያሻግረውን ኑል ሞደም ገመድ ይሞክሩ፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

እንደገቡ ግን ከሁሉ በፊት የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። አጭበርባሪዎች በተረሱ የመልእክት ሣጥኖች በኩል ገብተው በድርጅት ሒሳብ ወደ ውጭ አገር ይደውላሉ።