የኤሌክትሪክ መኪና የደባርቅን ዳገት ይችለዋል?

ጥያቄ፦ ለሥራ ከጎንደር ደባርቅ እመላለሳለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ ልገዛ አስቤ ዳገቱን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ዳገቱን አይፍሩት። የቤንዚን ሞተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪኩ አየር ስለማያስፈልገው አይደክምም።

መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ለጉዞው ደግሞ 15 ያህል ይፈጃል። ስለዚህ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ደርሶ መልስ ያደርስዎታል። በቁልቁለቱ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ሞተሩ ራሱ መብራት እያመነጨ ከፊሉን ይመልሳል። ለዚህም ነው ደባርቅ ላይ ባትሪውን ጢም አድርገው እንዳይሞሉት የምመክረው፤ ከሞላ የሚመጣውን መቀበያ ቦታ የለውም፣ ፍሬኑ ብቻውን ይለፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የመብራቱ መጥፋት ነው። ባትሪው እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ ይሰኩት። በተራ ሶኬት የሚስበው ኃይል ከእንጀራ ምጣድ አይበልጥም፤ ልዩነቱ ምጣዱ ከሰዓታት በኋላ ይነቀላል፣ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ሳይገዙ በፊት መስመሩንና ግራውንዱን በባለሙያ ያስፈትሹ፤ ከምጣዱም ጋር አብረው አይሰኩት።