በእርሻ ትርዒት ላይ ያማረ በቆሎና ለዘር የሚሆን በቆሎ

የእርሻ ትርዒት ጥቅሙ ብዙ ነው። ገበሬው አዳዲስ ዝርያዎችንና መሣሪያዎችን በዓይኑ ያያል፤ ከሌላ አካባቢ ገበሬ ጋር ይመካከራል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ከትርዒት ሲመለሱ አንደኛ የወጣውን በቆሎ ለዘር ይመኙታል። ይህ ምኞት የአንድ ዓመት ድካም ሊያስከፍል ስለሚችል፣ በሌላ አገር የታየውን በምሳሌነት እናቀርባለን።

1. የአዮዋ ትምህርት

በአሜሪካ የአዮዋ ክፍለ ግዛት ትርዒት እ.ኤ.አ. በ1854 በፌርፊልድ ከተማ ተጀመረ። ከ1879 ወዲህ የሚደረገው በዴ ሞይን ከተማ ነው። አገሩ የበቆሎ አገር በመሆኑ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በየቦታው የበቆሎ ውድድር ይደረግ ነበር። ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት ረድፉ ቀጥ ላለ፣ ጫፉ ድረስ ለሞላና ፍሬው አንድ ዓይነት ለሆነ ዛላ ነበር።

በ1904 ሄንሪ ዋላስ የተባለ ወጣት ፕሮፌሰር ሆልደን በውድድር ከዳኟቸው ዛላዎች ወስዶ የእያንዳንዱን ፍሬ ለየብቻ ዘራ። ምርቱ ሲመዘን በውበቱ አንደኛ የተባለው ዛላ አነስተኛ ምርት ከሰጡት መካከል ሆኖ ተገኘ። በ1920 በአዮዋ በማሳ ላይ የሚካሄድ የምርት ውድድር ተጀመረ። ዋላስም በ1926 የዲቃላ በቆሎ ዘር ድርጅት አቋቋመ፤ ከ1933 እስከ 1940 ድረስም የአገሩ የእርሻ ሚኒስትር ሆነ።

2. ምክንያቱ

ሀ. ትልቅ ዛላ ከማሳ ዳር ቦታና ፍግ በብዛት ካገኘ ተክል ሊመጣ ይችላል። ይህ ዕድል ለዘሩ አይተላለፍም።

ለ. በቆሎ በነፋስ የሚዳቀል ሰብል ስለሆነ፣ ዛላው እናቱን እንጂ አባቱን አያሳይም።

ሐ. አገዳው መውደቁ፣ በሽታ መቋቋሙና ቶሎ መድረሱ በጠረጴዛ ላይ አይታይም።

3. ዘር ሲመርጡ

ሀ. ከጎተራ ሳይሆን አዝመራው ሳይሰበሰብ ከማሳው መካከል ይምረጡ። ዙሪያውን እኩል ጎረቤት ካላቸው ተክሎች መካከል ያልወደቀውንና ያልታመመውን ምልክት ያድርጉበት።

ለ. ከጥቂት ዛላዎች ብቻ አይውሰዱ፤ ዘሩ እየተዛመደ ይደክማል። ቢቻል ከ200 ያህል ተክሎች ይምረጡ።

ሐ. ይህ ምክር ለዲቃላ በቆሎ አይሠራም። እንደ ቢኤች 661 ካለ ዲቃላ የተሰበሰበ ፍሬ ለዘር ቢውል ምርቱ ስለሚቀንስ፣ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ያስፈልጋል።

መ. ከመዝራትዎ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያብቅሉ። 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ለዘር ይሆናል።

4. በማሳ የሚደረግ ውድድር

በትርዒት ያዩትን ዝርያ ከራስዎ ዘር ጋር ጎን ለጎን ይዝሩ። ሁለቱም በ75 ሣንቲ ሜትር የረድፍና በ30 ሣንቲ ሜትር የተክል ርቀት፣ በአንድ ቀንና በእኩል ማዳበሪያ ይዘሩ። አንዱ ለም መሬት፣ ሌላው ጭንጫ እንዳይደርሰው በሦስት ቦታ ይድገሙት። ሲደርስ በዓይን አይገምቱ፤ በሚገባ አድርቀው ይመዝኑ።

የልማት ሠራተኞችም ትርዒት ስታዘጋጁ ከዛላው አጠገብ የተዘራበትን ቦታ፣ የመሬቱን ስፋትና የተመዘነውን ምርት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ገበሬው ከውበቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።