በታቦት ፊት ስለሚደረግ ደስታ

የአንድ ደብር ታቦት በሚነግሥበት ዕለት ካህናቱ በማኅሌት አድረው፥ ቅዳሴው ተፈጽሞ፥ ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር ሕዝበ ክርስቲያን በእልልታና በሆታ ማጀቡ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ ነው። ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ወጣቶቹ ከአጥሩ ውጪ ክብ ሠርተው፥ ከበሮ እየመቱ፥ እስክስታ እየወረዱ ሲጨፍሩ ይውላሉ። ስለዚህ ጭፈራ በመካከላችን ሁለት ዐይነት ቃል ይሰማል። አንዳንዱ፥ «ጭፈራ የዓለም ነው፤ በበዓለ ንግሥ ሊሰማ አይገባም» ይላል። ሌላው ደግሞ፥ «ዳዊትስ በታቦት ፊት ዘሎ የለምን?» ብሎ ሁሉን ይፈቅዳል። ሁለቱም መነሻቸው መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን እስከ ፍጻሜው አልተከተሉትም። ስለዚህ እኛ እስከ ፍጻሜው ሄደን እንመርምረው።

ይህ ጥያቄ በማናቸውም አገር የሚነሣ ቢሆንም፥ በከሚሴና በዙሪያዋ ባለው በኦሮሚያ ዞን ለሚኖሩ ምእመናን የተለየ ክብደት አለው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ የዞኑ መቀመጫ ናት። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑ በቍጥር ጥቂት ነው። ለመስከረም 21 በዓል ከሸዋ ወደ ግሼን ማርያም የሚጓዙ ምእመናንም ከበሮ እየመቱ፥ እየዘመሩ የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የክርስቲያን ደስታ ምን እንደሚመስል የሚያየው ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም በደጁ ቆሞ ያያል፥ ይሰማልም።

አስቀድሞ ልናውቅ የሚገባን፥ ቤተ ክርስቲያናችን የሰውን አካል ከምስጋና ያልለየች መሆኗን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ደርሶልን፥ ሊቃውንቱም ያንኑ ዜማ በቁም፥ በዝማሜ፥ በመረግድና በጽፋት ሲያስኬዱት ይኖራሉ። ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲሉ፥ ጌታችን በዕለተ ዓርብ ወዲያና ወዲህ መጎተቱን ያስባሉ። በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍርም በሥጋው ላይ የወጣውን የግርፋት ሰንበር ያመለክታል። በታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲባል፥ ከላይ በማሜ ጋራ የቆሙት ካህናት የመላእክትን፥ ከታች የቆሙት የእረኞችን ምሳሌ ይዘው ያሸበሽባሉ። ስለዚህ እግርና ትከሻ በራሳቸው የተነቀፉ አይደሉም፤ ለምስጋና ተቀድሰዋልና።

ሕዝቡም በበኩሉ የራሱ ዜማ አለው። ከታወቁት ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ናቸው፤ አንዱ በዚሁ ዞን በምትገኘው በባቲ ስም ይጠራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ግሼን ማርያም በምትገኝበት በአምባሰል ስም። ከዚያ ወደ ሰሜን ቢዘልቁ፥ የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 16 ሲፈታ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በራያ ቆቦ ሶለል የተባለው የልጃገረዶች በዓል ይከበራል። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሣር በወገባቸው ታጥቀው፥ አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ በኋላ እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። የእነዚህ ልጆች ሥርዐት ለነገራችን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መሳለሙ ይቀድማል፥ ጨዋታው ይከተላል። ደስታውም ከጾምና ከጸሎት በኋላ የመጣ እንጂ በጾምና በጸሎት ፈንታ የገባ አይደለም።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። እስራኤል ባሕረ ኤርትራን በተሻገሩ ጊዜ የአሮን እኅት ማርያም ከበሮ አንሥታ ሴቶቹን አስከትላ እግዚአብሔርን በዘፈን አመስግናለች፤ ይህ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 ተጽፏል። ያው ሕዝብ ግን ብዙ ወራት ሳያልፉ፥ በምዕራፍ 32 እንደምናነበው፥ በወርቅ ጥጃ ፊት በልቶና ጠጥቶ ለዘፈን ተነሣ። እግሩ ያው እግር ነው፥ ከበሮውም ያው ከበሮ ነው፤ የተለየው በፊቱ የቆመው ነው። የፊተኛው ደስታ ከባርነት ነፃ የወጣ ሕዝብ ምስጋና ነበረ፤ የኋለኛው ግን በዚያው ቀን ሦስት ሺህ ሰው በወደቀበት ልቅሶ ተፈጸመ።

ዳዊትም ቢሆን ታቦቱን ያመጣው በሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ በገናና መሰንቆ፥ ከበሮና ጸናጽል ሁሉ ነበረ፤ ነገር ግን በሌዋውያን ትከሻ መሸከም የሚገባውን ታቦት በሠረገላ ጫኑት፤ ዖዛም እጁን ዘርግቶ ሞተ። በዚህም የዜማ ብዛት የጐደለውን ሥርዐት እንደማይሞላ እናውቃለን። ዳዊት ፈርቶ ታቦቱን የጌት ሰው በተባለው በአቢዳራ ቤት አስቀመጠው፤ እግዚአብሔርም በሦስት ወር ውስጥ የዚያን ሰው ቤት ሁሉ ባረከ። ታቦት ባረፈበት ሰፈር ሁሉ ለጎረቤት በረከት እንጂ ሥጋት ሊሆን እንደማይገባ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምር ምን አለ?

በሁለተኛው ጊዜ ታቦቱ በሥርዐት ሲመጣ ዳዊት የበፍታ ኤፉድ ታጥቆ በሙሉ ኀይሉ ዘለለ። ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ እርሱ ግን በእግዚአብሔር ፊት ከዚህ የበለጠ ራሱን እንደሚያዋርድ መለሰላት። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ዳዊት መሥዋዕቱን ካሳረገ በኋላ ሕዝቡን ባረከ፥ ለወንዱም ለሴቱም ለእያንዳንዱ እንጀራና ምግብ አከፋፍሎ ወደየቤታቸው አሰናበታቸው። የዳዊት ዘፈን በማዕድ ተፈጸመ።

ሌላም ማዕድ አለ። በሄሮድስ የልደት ግብዣ የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈነች፥ ተጋባዦቹንም ደስ አሰኘች፤ በፍጻሜው ግን በወጭት የቀረበው የመጥምቁ የዮሐንስ ራስ ነበረ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ዘፈንን አጥብቆ የገሠጸው ይህን ግብዣ አስቦ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ክርስቲያኖች በሠርግ ቤት ከዘፈን ተከልክለው በጨዋነት እንዲበሉ፥ ካህናትም ዘፋኞች ሳይገቡ ተነሥተው እንዲወጡ ወሰኑ። ይህ ተግሣጽ ዛሬም ይሠራል፤ ስካርና ዝሙት፥ ስድብና ጠብ ባሉበት ጭፈራ ሁሉ የሄሮድስ ግብዣ አለና። እንግዲህ መመርመሪያው ይህ ነው፤ ጭፈራው ሲያበቃ በወጭቱ ላይ የሚገኘው ምንድን ነው? ለሁሉ የሚበቃ እንጀራ ነው ወይስ የሰው ራስ?

ይህ ንግግር ለምሳሌ ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ፥ በዚሁ ዞን በጅሌ ጥሙጋም ጭምር በተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ሐዘኑም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ሐዘን ባደረበት አገር አንዲት የፉከራ ግጥም፥ በከበሮ ታጅባ በጎረቤት ደጅ ስትደገም፥ ጨዋታ መሆኗ ቀርቶ የቂም መታደሻ ትሆናለች። ጨፋሪው በማግሥቱ ይረሳታል፤ የሰማው ግን አይረሳትም። በታቦት ፊት የተደረገ ደስታ ለሰው ሞት ምክንያት ከሆነ፥ ዳዊትን መጥቀሳችን ምን ይጠቅመናል?

ስለዚህ ለካህናትም ለምእመናንም የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ የካህናቱ ወረብና የሕዝቡ ጨዋታ በጊዜና በቦታ ይለዩ፤ ታቦቱ ቆሞ ሳለ ምስጋናው ብቻ ይሰማ፥ የአገር ባህል ጨዋታው ታቦቱ ከገባ በኋላ ከአጥሩ ውጪ ይሁን። ሁለተኛ፥ የሰበካው ሽማግሌዎችና የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ወጣቶቹ የሚያወርዱትን ግጥም አስቀድመው ይስሙ፤ ስድብና ፉከራ፥ ሴት ልጅን የሚያዋርድም ቃል አይግባበት። ሦስተኛ፥ በበዓል ስም ስካር አይስፋፋ። አራተኛ፥ ታቦቱን የሚያጅበው ሕዝብ በመስጊድ አጠገብ ሲያልፍ የጸሎት ሰዓት ቢሆን ድምፅ ማጉያው ጥቂት ጊዜ ዝም ቢል፥ ከታቦቱ ክብር የሚቀንስ የለም፤ ፍቅር ክብርን ይጨምራል እንጂ።

አምስተኛውና ዋናው የማዕዱ ነገር ነው። ወሎዎች ድግስ ሲደግሱ ለሙስሊም እንግዳ በራሱ ሃይማኖት ሰው እጅ የታረደውን ለይቶ ማሰናዳት የታወቀ ደግ ልማዳቸው ነው፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። ሃይማኖቱን ሳይቀላቅል ጎረቤቱን የማያስቀር እንዲህ ያለ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ዘንድ ይገባል። በንግሡ ዕለት ዝክሩ ለድኻው፥ ለመበለቲቱና ለእንግዳው ይዳረስ፤ የጎረቤቱም ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥለት።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ ወጣቶቹን ከሩቅ ሆነን እንደ ሜልኮል በመስኮት እያየን አንናቃቸው፤ ወርደን እናስተምራቸው። እናንተም ወጣቶች፥ በዳዊት ዘፈን የምትመኩ ከሆነ በዳዊት ማዕድ ፈጽሙት። ከንግሡ የሚመለሰው ክርስቲያን በረከት ይዞ፥ በደጁ ቆሞ ያየውም ጎረቤት ያለ ሥጋት ወደየቤታቸው በገቡ ጊዜ፥ ያን ቀን ታቦቱ በእውነት ነግሧል።

ለዚህ ያብቃን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።